የዶን ኢላሪዮን መስቀል

ወንድሟ ቴሮ ከመኪናው ሲወርድ ኒንፋ መጀመሪያ ያየችው ላባውን ነው። አባታቸው ዶን ኢላሪዮን ከዳሱ ሥር በሬሳ ሣጥን ተኝቷል፤ ዝንብ እንዳያርፍበት ፊቱን በነጭ ጨርቅ ሸፍነውታል። ልጁ ደግሞ በግንባሩ ዙሪያ ቀይና ቢጫ ላባ ሰክቶ ለቅሶ መጣ። የእነሱ ወገን በታሪኩ ላባ በራሱ ላይ ሰክቶ አያውቅም። ላባውን የሰጠው የወይን ጠጅ ፋብሪካው ነው። ቴሮ በፋብሪካው በር ላይ ቆሞ እንግዶችን በጥንቱ ቋንቋ እየተቀበለ ነው የሚኖረው፤ ከእሱ ጋር ፎቶ ሳይነሳ የሚሄድ ጎብኚ የለም። ኒንፋ ይህን በወሬ ከሰማችው ቆይታለች። በዓይኗ ስታየው ግን፣ ያውም በዛሬው ቀን፣ ቋቅ አላት።

«አውልቀው» አለችው፣ ገና ሳይስማት።

«ምኑን?»

«ራስህ ላይ የሞተውን ዶሮ።»

«ኒንፋዬ፣ ደግሞ አትጀምሪ። ሰዎች ይዤ መጥቻለሁ። ለአባባ ክብር ብዬ ነው።»

«አባባ ዕድሜውን ሙሉ ባርኔጣ ነው ያደረገው።»

ይዤ መጥቻለሁ ያላቸው ሰዎች አንዲት ሴት ሆነው ተገኙ። ቤለን ትባላለች፤ የፋብሪካው የእንግዳ አቀባበል ኃላፊ ናት። በዚያ አሸዋና የፍየል በጠጥ መሐል የተተኮሰ ነጭ ልብስ ለብሳለች፤ ካሜራ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። የኒንፋን እጅ በሁለት እጇ ያዘችና ዓይኗን በእንባ ሞላችው።

«ምንኛ ከባድ ነው! የቋንቋው የመጨረሻ ተናጋሪ ነበሩ፣ አይደል?»

«ፍየል አርቢ ነበር» አለች ኒንፋ። «ቋንቋው ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አባቴ የሞተው ትናንት ነው።»

ቤለን የሰማች አትመስልም። ካሜራዋን አንስታ ሣጥኑን፣ ሻማዎቹን፣ ጥግ ላይ የወረቀት አበባ የሚሠሩትን ሴቶች እያፈራረቀች ታነሳ ጀመር። ዝንቡን እንኳን አልተወችውም።

ቴሮና ሹፌሩ ከመኪናው ላይ መጀመሪያ ያወረዱት የወይን ጠጅ ነው፤ በካርቶን በካርቶን። ቀጥሎ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አወረዱ። ቴሮ ብርድ ልብሱን ሲገልጠው የሚያብረቀርቅ የብረት መስቀል ወጣ። ወገቡ ላይ የናስ ሰሌዳ ተበይዶበታል። አባታቸው ያረፈው ትናንት ከሰዓት ነው። ይህን የመሰለ መስቀል በአንድ ሌሊት ተሠርቶ እንደማያልቅ ለማወቅ ብየዳ መቻል አያስፈልግም። ሰውየው አልጋው ላይ ከትንፋሹ ጋር ሲታገል፣ ከተማ ውስጥ መስቀሉ ተሠርቶ፣ ተወልውሎ፣ ቀኑን እየጠበቀ ነበር ማለት ነው።

ኒንፋ ጎንበስ ብላ ሰሌዳውን አነበበችው። የተጻፈው ያው ዓረፍተ ነገር ነው።

ያንን ዓረፍተ ነገር በመንደራቸው በጉዋናካቼ የማያውቀው ሰው የለም። በትምህርት ቤቱ በር ላይ በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል። የቋንቋና የባህል ማኅበራቸው ሰንደቅ ላይ ተጠልፏል። ልጆች ጠዋት ጠዋት ተሰልፈው በአንድ ድምፅ ይሉታል። ቴሮ በፋብሪካው በር ላይ እጁን ወደ ፀሐይ ዘርግቶ የሚለውም እሱኑ ነው። ትርጉሙ «ምድር ሆይ፣ ልጆችሽ ተመልሰናል» ነው ይባላል። ማን እንዳለው የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ግን ያምናል፤ ሲያምርበት!

ነገሩ እንዲህ ነው። የሁዋርፔ ሰዎች፣ የኒንፋ ቀደምቶች፣ ሁለት ልሳን ነበራቸው፤ በሰሜን፣ በሳን ሁዋን በኩል አሊንቲያክ፣ በደቡብ፣ በሜንዶሳ በኩል ሚልካያክ። እንደ እህትማማች የሚቀራረቡ ነበሩ ይባላል። ሁለቱም ጠፉ። ወራሪዎቹ ሰዎቹን ለማዕድንና ለእርሻ በሰንሰለት አስረው ከተራራው ወዲያ ማዶ ነዷቸው፤ የተረፉት ሐይቁ ዳር ሸምበቆ ውስጥ ተደብቀው ከርመው፣ በኋላ የወራሪዎቹን ቋንቋ፣ ካስቲልያኖን፣ እየተናገሩ ወጡ። ከሁለቱም ቋንቋ የቀረው አንድ ቄስ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የጻፈው ብቻ ነው። እሱም ፍቅር ይዞት አልጻፈውም። ንስሐ ለመቀበል ሰዎቹን የሚጠይቅበት ስላስፈለገው ጻፈው። ጸሎት፣ ጥቂት የሰዋስው ገጽ፣ ከዚያ የኃጢአት ጥያቄ በጥያቄ ላይ።

ማኅበሩ ሲቋቋም ለሰንደቁ የሚሆን ቃል ከዚያ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ተፈለገ። ፎቶ ኮፒውን ያነሳው ሰው ወረቀቱን አጣሞ ይዞት ኖሮ፣ በጎኑ ያለው የካስቲልያኖ ትርጉም ረድፍ ተቆርጦ የቀረው የጥንቱ ብቻ ነበር። ሰዉ ተሰብስቦ ጮክ ተብሎ ሲነበብለት፣ ጆሮው ላይ የጣፈጠውን፣ ረዘም ያለውን፣ እንደ ዘፈን የሚወርደውን መረጠ። እጅ አውጥቶ! ኒንፋ ቅዳሜ ቅዳሜ የመንደሩን ልጆች ቋንቋውን ስታስተምር የኖረችውም ከዚያው ከተቆረጠው ወረቀት ነው።

ሁለት ዓመት ሆነው፤ አባቷን ሐኪም ዘንድ ወደ ሜንዶሳ በወሰደች ጊዜ፣ ጎራ ብላ ሙሉውን መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍት አስወጥታ አየችው። የተቆረጠው ረድፍ እዚያ ነበር። የነሱ ዓረፍተ ነገር፣ ልጆቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው የሚሉት፣ «ሰክረህ ከእህትህ ጋር ተኝተሃል? ስንት ጊዜ?» ነበር።

አባቷ ስትነግረው እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ «በቁሜ እያለሁ ለማንም አትንገሪ» አላት። «ልጆቹ እሱን ሲሉ ደረታቸው ቀና ይላል። ሌላ ምን አላቸው? ስሞት ግን የዚያ ቄስ ነገር በላዬ ላይ እንዲባል እንዳትፈቅጂ። እኔን የሚጠይቀኝ እሱ አይደለም።» ማለችለት።

አሁን ሞቷል። ጥያቄውም በናስ ተቀርጾ፣ ተወልውሎ፣ ሊተከልበት መጥቷል።

ቴሮን በእጁ ጎትታ ወደ ፍየሎቹ በረት ኋላ ወሰደችውና እንዳለ ነገረችው። መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎት ጥርሱን አሳያት። ፊቷን ሲያየው ጥርሱ ተሰበሰበ። ላባውን ከራሱ ላይ አውርዶ በእጁ ይዞ ቆመ።

«በየቀኑ እለዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ለሕፃናት ሁሉ። ለሙሽሮች ሁሉ። ባለፈው ለአንድ ጳጳስ ብዬዋለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«እያወቅሽ ዝም አልሽኝ?»

«አባባ አስማለኝ። አሁን ነፃ ነኝ። ያንን ነገር በላዩ ላይ አትተክለውም።»

ቴሮ ላባውን በጣቱ እያሻሸ ብዙ አሰበ። ሲያስብ ደግሞ ምን እንደሚያስብ በፊቱ ላይ ይነበባል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደዚያው ነው። መጀመሪያ አፈረ፤ ቀጥሎ ፋብሪካውን አሰበ።

«ኒንፋዬ፣ ማን ያውቃል? አንቺ ካልተናገርሽ ማን ያውቃል? በጠጁ ጠርሙስ ላይ እኮ ታትሟል። ለውጭ አገር ተልኳል።»

«ሰክረህ የሚለውን በጠጅ ጠርሙስ ላይ!»

«ድምፁ ያምራል እኮ።»

እዚህ ላይ ኒንፋ ምራቋን እንትፍ አለች፤ አሸዋው ላይ፣ ከጫማው አጠገብ። «በአባትህ ላይ?»

«ታዲያ ያለ መስቀል ልትቀብሪው ነው? የእንጨት መስቀል ሊሠራ የነበረውን አናጢ እኔ ነኝ ተወው ያልኩት። ሌላ መስቀል የለም። በዚህ ሙቀት ደግሞ ሬሳው እስከ ነገ አያድርም፤ አንቺም ታውቂዋለሽ።» ላባውን መልሶ ሰካው። «አትናገሪ። ለእኔ ስትዪ።»

ሙቀቱን በተመለከተ እውነቱን ነው። ከሣጥኑ በኩል መሽተት ጀምሯል፤ ሴቶቹ የሬሳውን ዙሪያ መዓዛ ባለው ቅጠል ሞልተውታል። ኒንፋ ወደ ዳሱ ስትመለስ ጎረቤቶቿ ከዚያው ጠርሙስ እየቀዱ፣ «ነፍስ ይማር» እየተባባሉ ይጠጣሉ። የሐይቃቸውን ውኃ ከላይ ጠልፎ የጨረሰው የወይኑ እርሻ ነው። አያቶቻቸው በሸምበቆ ታንኳ ዓሣ ያጠመዱበት ቦታ ዛሬ ጨው ነው። ውኃውን ወስደው፣ ጠጅ አድርገው፣ የቄሱን ጥያቄ ለጥፈው መልሰው አመጡላቸው፤ እነሱም ኩባያ ዘረጉ። ኒንፋ እጅ እጅ አላት። ሰውም፣ ጠጅም፣ ራሷም።

የሳን ሁዋኖቹ ዘመዶች ረፋዱ ላይ በጭነት መኪና ደረሱ። ፊት ፊት የሚመጣው በአባቷ እናት በኩል የሚዛመዳት አቡንዲዮ ነው፤ በሰሜን በኩል ያለው ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። አልቅሶ ሳይጨርስ መስቀሉን አየ። መነጽሩን አድርጎ አነበበና ወደ ቴሮ ዞረ።

«ይሄ እኮ የኛ ነው!»

«ምኑ?»

«ጽሑፉ! አሊንቲያክ ነው። ከኛ ሰርቃችሁ በሰንደቅ አደረጋችሁት፣ ዝም አልን። አሁን ደግሞ በመቃብር?»

«ኧረ ዝም በል ዶን አቡንዲዮ፣ ሚልካያክ ነው! የሜንዶሳ ነው!»

«የዶን ኢላሪዮን እናት የኛ ልጅ ናት። እሱም በግማሽ የኛ ነው። ስለዚህ በኛ ነው መሸኘት ያለበት።»

«በግማሽ የናንተ ከሆነ ግማሹን ቀድሞ መጥተህ ብታስታምመው ምን ነበረበት?»

አንዱ የአንዱን ኮሌታ ሊይዝ ምንም አልቀረውም። ሁለቱም ከሰላምታ ወዲያ አንድ ቃል የማያውቁት፣ አያታቸውም የአያታቸው አያትም ያልተናገሩት ቋንቋ ነው ያጣላቸው! ቤለን በደስታ እያነሳች ነው። «ቁሙ፣ እንደሱ፣ ፊታችሁን ወደ ብርሃኑ» ስትል ኒንፋ ሰማቻት። በለቅሶ ቤት ሰው ሲደባደብ ብርሃን የሚያስተካክል ፍጡር እግዜር ለምን እንደፈጠረ አንድ ቀን መጠየቅ አለበት።

ያስቆመቻቸው ዶኛ ትራንሲቶ ናት፤ የሟቹ ታላቅ እህት። ወገቧ ጎብጧል፣ ዓይኗ አንዱ ጠፍቷል፣ ማንበብ አትችልም። ቄስ ወደዚያ አገር የሚመጣው ለእመቤታችን በዓል ብቻ ስለሆነ፣ ሙታንን ሁሉ ጸሎት አድርሳ የምትሸኘው እሷ ናት።

«ወንድሜ እየሸተተ ነው» አለች። «አንሱት።»

አነሱት። መቃብሩ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ፣ የጨው መሬቱ ዳር ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ አሸዋው በሳንዳል ውስጥ ይገባል። ወንዶቹ ሣጥኑን በየተራ ተሸከሙት። ቴሮ ግን መስቀሉን ተሸከመ፤ ናሱ በየእርምጃው ብልጭ ይላል፤ ቤለን ከፊቱ ወደ ኋላ እየተራመደች ታነሳዋለች። ኒንፋ ከሣጥኑ ኋላ ተከትላ ትሄዳለች። ብትናገር የልጆቹን ቀና ያለ ደረት ትሰብራለች፤ የወንድሟን እንጀራ ትቆርጣለች፤ የመንደሩን ሰው ሁሉ በእንግዳ ፊት መሳቂያ ታደርጋለች። ዝም ብትል አባቷ ለዘለዓለም በዚያ ጥያቄ ሥር ይተኛል፤ የገባችለትም ቃል ውሸት ይሆናል። በመንገዱ ሁሉ በምትኩ የሚባል መልካም ነገር በሐሳቧ ፈለገች፤ ከመጽሐፉ ውስጥ አንድ የመሰናበቻ ቃል፣ አንድ «በሰላም ሂድ»። የለም። ቄሱ ሰው ሲሰናበት ሰምቶ አያውቅም፤ ወይ ሰምቶ ለሥራው አላስፈለገውም።

ዶኛ ትራንሲቶ መቁጠሪያዋን ጨረሰች። ሣጥኑ ወረደ፣ አፈር ለበሰ፣ መስቀሉ ራስጌ ላይ ቆመ። ከዚያ ቤለን ለቴሮ በጭንቅላቷ ምልክት ሰጠችው።

ቴሮ ወደ ፊት ወጣ። እጁን ወደ ፀሐይ ዘረጋ። ወደ እህቱ አላየም። አፉን ከፈተ፤ የመጀመሪያዎቹ ቃላት ወጡ። ከኋላ የቆሙት ልጆች፣ እንደለመዱት፣ ተቀብለው አብረው ማለት ጀመሩ።

«በቃ!» አለች ኒንፋ። «ቴሮ በቃህ! ልጆች፣ ዝም በሉ!»

ቴሮም ልጆቹም አቋረጡ። ሰው ሁሉ ዞረባት።

ነገረቻቸው። ማስዋብ አልቻለችበትም፤ አልፈለገችምም። ወረቀቱ እንዴት እንደተቆረጠ፣ ሙሉው የት እንዳለ፣ ምን እንደሚል፣ ቃል በቃል። «ሰክረህ ከእህትህ ጋር ተኝተሃል? ስንት ጊዜ?» ስትል አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁ በሳል ተተካ። የትምህርት ቤቱ መምህርት ፊቷን በመሐረብ ሸፈነች። ጽሑፉን በሰንደቁ ላይ የጠለፉት ሴቶች እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ድሮም የናንተ ነው ብያለሁ!» አለ አቡንዲዮ። «ሚልካያክ ነው! እኛ ጋ እንደዚህ ያለ ነገር የለም!»

«ዝም በል አቡንዲዮ» አለች ኒንፋ። «ቄሱ ለሁለታችንም ጽፎልናል። ቃሉን ለወጥ እያደረገ፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ በሁለቱም ጠይቋል። እኛንም እናንተንም አንድ አድርጎ ያየን በዚህ ብቻ ነው።»

አቡንዲዮ መነጽሩን አወለቀ። ቤለን ግን ሳታፍር ወደ ኒንፋ ጠጋ አለች፤ ድምጿን እንደ ሐኪም ዝቅ አድርጋ።

«ይገባኛል፣ ስሜታዊ ቀን ነው። ግን ሰው ቃሉን አይደለም የሚሰማው፣ መንፈሱን ነው። ትርጉሙን ማንም አይጠይቅም። እውነቴን ነው፣ እስከ ዛሬ አንድም ጎብኚ አልጠየቀም።»

ኒንፋ ብዙ የሚያስጠላ ነገር አይታለች። የበሰበሰ ፍየል ከጉድጓድ ውኃ በእጇ አውጥታለች። እንደዚህች ንግግር ግን ያስጠላት የለም፤ ምክንያቱም በሰዎቹ ፊት ላይ እፎይታ አየች። አዎ፣ እፎይ አሉ! አንዱ «እንግዲህ ከተጻፈ...» አለ። ሌላው «መስቀል እኮ ነው፣ አይነቀልም» አለ። መምህርቷ ራሷ መሐረቧን ከፊቷ አንስታ «ለልጆቹ የድሮውን ትርጉም ብንተውላቸውስ?» አለች። ሊውጡት ነው። ልክ እንደ ጠጁ ሊጠጡት ነው።

«ኒንፋ» አለች ዶኛ ትራንሲቶ። «ነይ እዚህ።»

ሄደች። አሮጊቷ በአንድ ዓይኗ ሰሌዳውን እያየች ናሱን በእጇ ዳሰሰችው።

«ይሄ ነው እሱ የጠየቀው?»

«አዎ አክስቴ።»

«ሰዎቹስ ምን ብለው መለሱለት?»

«መልስ የለም። መጽሐፉ ላይ ጥያቄው ብቻ ነው ያለው።»

«መልሱን አልጻፈውም?»

«አልጻፈውም።»

ዶኛ ትራንሲቶ አሰበች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን ስድብ አይታወቅም። ከዚያ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ድምጿን ከፍ አደረገች።

«የኢላሪዮን እህት እኔ ነኝ። ሌላ እህት የለውም። ያ ባለጌ የሚጠይቀው ስለ እኔ ነው።» መሬቱን በዱላዋ መታች። «መስቀል አልነቅልም፤ ኃጢአት ነው። ወንድሜን ግን ተጠይቆ ዝም እንዳለ ትቼው አልሄድም። አይ የሚባል ቃል አላቸው እነዚያ ሰዎች?»

«አላቸው» አለች ኒንፋ። ሰዋስው ገጾቹ ላይ አለ፤ አጭር ነው። አስተምራው አታውቅም፤ ለዘፈን የሚሆን አልመሰላትም ነበር።

«እንግዲያው መልሽለት። ኢላሪዮን አፍ የለውም፣ እኔም አላውቀው። አንቺ በይው።»

ኒንፋ ከመስቀሉ ፊት ቆመች። ቃሉን አለችው። አንዴ፣ ጮክ ብላ፣ ፍየል ከሰው አትክልት ውስጥ በምታባርርበት ድምፅ። ዘፈን አይመስልም። ከንፈር ላይ ቶሎ ያልቃል።

ከዚያ ቴሮ ላባውን አውልቆ ጣለው። መሬት ላይ እንኳን አላየውም።

«እንዴት ነው የሚባለው?» አላት።

ነገረችው። አለው። የመጀመሪያው ጊዜ ተንተባተበበት፤ ሁለተኛውን ለናሱ ሰሌዳ አፉን አቅርቦ ጮኸበት፤ በፋብሪካው በር ሲለው የኖረውን ሁሉ ሊያወራርድ የፈለገ ይመስላል። አቡንዲዮም መጣ፤ «በኛስ?» ብሎ በጆሮዋ ጠየቃት፤ ነገረችው፤ በሰሜኖቹ ልሳን አለው። ከኋላው የመጡት ሳን ሁዋኖች በዚያ፣ የሐይቁ ሰዎች በዚህ፣ ሽማግሌውም ሴቱም ልጁም እያሉ በመስቀሉ ፊት አለፉ። የሰንደቁ ጠላፊዎች እያለቀሱ አሉት። ዶኛ ትራንሲቶ የመጨረሻዋ ሆና፣ ቃሉን ከሰው አፍ ለቅማ፣ በጥርስ አልባ አፏ አለችውና መስቀሉ ሥር ምራቋን ተፋች።

ቤለን እንባዋ ወርዷል፤ የምር እንባ። ካሜራዋን ግን አላወረደችም።

«አምላኬ፣ እንዴት ያምራል!» አለች። «ይቅርታ፣ ፀሐይዋ ከፊት ሆነችብኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደዚህ ዞራችሁ፣ ትደግሙልኛላችሁ?»

ኒንፋ ዞረችና ያንኑ አይ የሚለውን ቃል በቤለን ፊት ላይ አለችው።